«ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር ብዬዋለሁ»፦ ስለ ትምህርት ቤት መንገድ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ተረኛ መምህር በምሆንበት ሳምንት ከጠዋቱ 1:15 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ካለው ትምህርት ቤታችን በር ላይ እቆማለሁ። ከበሩ ፊት በየአቅጣጫው ሁለት መስመር ያለው አስፋልት ያልፋል። ልጆች በእግር፣ በባጃጅ፣ በሰርቪስ፣ በአባታቸው መኪና ይመጣሉ። ስለ መንገዱ ከወላጆች ጋር ስንነጋገር ከዓመት ዓመት የምሰማቸው አባባሎች ተመሳሳይ ናቸው። የሚናገሯቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ከዓይናቸው ብሌን አስበልጠው የሚወዱ ናቸው፤ አባባሎቹ ግን ትክክል አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመቅጠፍ አንደኛው የመንገድ አደጋ ነው። ከየትኛውም በሽታ ይቀድማል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር ብዬ አስተምሬዋለሁ»

ማስተማሩ መልካም ነው፤ አይቅር። ነገር ግን ትንሽ ልጅ መኪናውን ቢያየውም ፍጥነቱን መመዘን አይችልም። ወደ እኛ የሚመጣ መኪና መቅረቡን የምናውቀው ዓይናችን ላይ እየገዘፈ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ እየተነዳ የሚመጣን መኪና መቅረቡን በሚገባ ለመለየት ይቸገራሉ። መኪናው በፈጠነ ቁጥር ለልጁ ዓይን ባለበት የቆመ ይመስላል ማለት ነው። ይህ የጨዋነት ወይም የብልህነት ጉዳይ አይደለም፤ ገና ያልበሰለ የአካል ችሎታ ነው። በቁጣም በምክርም አይፈጥንም።

ስሌቱን እዩት። ትንሽ ልጅ በሴኮንድ 1 ሜትር ያህል ይራመዳል። የእኛ በር ፊት ያለውን 14 ሜትር የሚሆን አስፋልት ለማቋረጥ 14 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በዚያው ጊዜ ወደ 200 ሜትር ይጓዛል። ልጁ እግሩን ሲያነሳ «ገና ሩቅ ነው» ብሎ የናቀው መኪና ሳይሻገር ይደርስበታል። በዚያ ላይ ቁመቱ ከቆመ መኪና ኮፈን ብዙም አይበልጥም፤ ሹፌሩም አያየውም።

እስከ 10 ዓመት ገደማ ድረስ ልጁን አዋቂ ያሻግረው። ሲያሻግር ጣቱን ሳይሆን የእጁን አንጓ ይያዝ፤ ጓደኛውን ማዶ ያየ ልጅ ጣቱን እንዴት እንደሚያስለቅቅ በየቀኑ አያለሁ። የ9 ዓመት እህት የ5 ዓመት ወንድሟን ይዛ እንድትሻገር መላክም መፍትሔ አይሆንም። እሷም ራሷ የምትሻገረው በልጅ ዓይን ነው።

«ዜብራ ላይ ከሆነ መኪናው ይቆምለታል»

ቀለም መኪና አያቆምም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሹፌር ልጁን አይቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ መኪናው ቀጥ እስኪል ድረስ በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ 25 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ30 ቢሆን ኖሮ ግማሹ ይበቃው ነበር። ትምህርት ቤት አካባቢ ፍጥነት ከ30 አይለፍ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን የደግ ሹፌር ዜብራ ነው። አንዱ መኪና በትሕትና ይቆምና ለልጁ እጁን እያወዛወዘ «እለፍ» ይለዋል። ልጁ ደስ ብሎት ይሮጣል። በጎን ባለው መስመር የሚመጣው ሁለተኛ ሹፌር የሚያየው የቆመውን መኪና ብቻ ነው፤ ልጁ ከኮፈኑ ጀርባ ብቅ ሲል ለፍሬን የሚሆን ርቀት አይኖርም። ለልጆቻችሁ በእግራቸው እያሳያችሁ አስተምሯቸው፦ የቆመው መኪና ጫፍ ላይ ስትደርስ ቁም፤ አንገትህን አውጥተህ ሁለተኛውን መስመር እይ፤ ከዚያ እለፍ። ለእኛ ለሹፌሮች ደግሞ፣ ዜብራ ላይ የቆመ መኪና ካየን ምክንያት አለውና አንቅደመው።

«ሰርቪስ ካስገባሁት በኋላ ስጋቴ አለቀ»

ወላጆች በየወሩ ከፍለው የሚገዙት ትልቁ ነገር ይህ እፎይታ ነው። ሆኖም ልጁ ከመኪናው ውስጥ ይልቅ አደጋ ላይ የሚሆነው ሲወርድ ነው። በሩ ሲከፈት እናቱን ማዶ ያያል፤ ከሰርቪሱ ፊት ዞሮ ይሮጣል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚነግሩን፣ እዚያ ቢጫው የተማሪ አውቶቡስ ቀይ መብራቱን ሲያበራ ከኋላ የሚመጣውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት የሚመጣውም መኪና የመቆም ግዴታ አለበት። እኛ ጋ ሰርቪስ ሲቆም ከኋላ ያለው ጥሩምባ ነፍቶ ያልፋል። ስለዚህ ከሹፌሩ ጋር ተነጋገሩና በቤታችሁ በኩል እንዲያወርደው አድርጉ። ካልተቻለ እናንተ ተሻግራችሁ በሩ ላይ ተቀበሉት እንጂ ከማዶ ሆናችሁ አትጥሩት። ሰርቪሱ ሄዶ መንገዱ ግልጥልጥ ብሎ እስኪታይ ጠብቁ።

ሁለተኛው የእንቅልፍ ነገር ነው። ከ12:30 ጀምሮ ከቤት ቤት ሲዞር የቆየ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ የኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋል። ሹፌሩ ሌሎቹን አውርዶ፣ በሩን ቆልፎ ቁርስ ሊበላ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ የአዲስ አበባ ነፋሻ አየር አያድነውም። ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ የተረሱ ሕፃናት ሕይወታቸው አልፏል። ረዳቷ የመጨረሻውን ወንበር በእጇ ሳትነካ በሩ እንዳይዘጋ ጠይቁ። ትምህርት ቤቱም ስም ጠርቶ የቀረ ልጅ ሲያገኝ ከማግስቱ ሳይሆን ወዲያው እንዲደውልላችሁ ተስማሙ። ሚኒባሱ ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚታጨቅ ደግሞ አንድ ጠዋት ራሳችሁ ገብታችሁ ቁጠሩ።

«ጋቢና እቅፌ ውስጥ ነው፣ ምን ይሆናል?»

የ20 ኪሎ ልጅ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግጭት ሲገጥም ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል ከ200 ኪሎ በላይ ክብደት እንደመሸከም ነው። የትኛውም የእናት ክንድ አይችለውም። ይባስ ብሎ ልጁ በእናቱና በዳሽቦርዱ መሃል ትራስ ይሆናል። ቦታው የኋላ ወንበር ነው፤ ቀበቶውም የራሱ ይሁን።

«የእግረኛ መንገድ ከሌለ በየትኛውም ጠርዝ ቢሄድ ያው ነው»

ያው አይደለም። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚነዳ እግረኛ ግራውን ይያዝ፤ የሚመጣበትን መኪና ፊት ለፊት ያያል። ልጁም ከአስፋልቱ በራቀው ጎናችሁ ይሁን።

«አብሮኝ ከሆነ አቋራጭ ብንሄድም ችግር የለም»

ቀለበት መንገድ ላይ ልጇን አቅፋ የመሃል አጥሩን የምትዘል እናት አይቻለሁ፤ የእግረኛ ድልድዩ ከዚያ ብዙም አይርቅም ነበር። ቸኩላ ነበር፣ ይገባኛል። ልጇ ግን በዚያች ደቂቃ መንገድ እንዲህ እንደሚቋረጥ ተምሯል፤ ነገ ብቻውን ይሞክረዋል።

«የሚያሰጋኝ የማናውቀው ሰው ነው»

«ከማታውቀው ሰው ከረሜላ አትቀበል» እያልን አድገናል። ልጆች ላይ ጥቃት የሚያደርሱት ግን በአብዛኛው ልጁ የሚያውቃቸው ናቸው፦ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ በየቀኑ የሚያደርሰው ሰው። ለልጁ መንገር ያለብን ስለ ሰውየው ማንነት ሳይሆን ስለ ድርጊቱ ነው። «ለእናትህ እንዳትነግር» የሚል ማንም ሰው፣ አጎትም ቢሆን፣ ያን ቀን ማታ ለእናት ይነገራል። ሰርቪስ አልፈልግም ብሎ ድንገት የሚያለቅስ ልጅም ሰነፍ ከመባሉ በፊት ይጠየቅ።

ለመውሰጃ ሰዓት ደግሞ በቤት ውስጥ የምስጢር ቃል ይኑራችሁ። ባለፈው አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ «እናትሽ ልካኝ ነው» ያለቻትን ጎረቤት «ቃሉን ንገሪኝ» ብላ በሩ ላይ አቆመቻት። ጎረቤቷ በእውነት ተልካ ነበር፤ ቃሉ ግን አልተነገራትም። እናትየው ጋ ደወልን፣ ቃሉን ነገረቻት፣ ልጅቷም ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።