ሮግላይክ ምንድን ነው? ሞዱንስ መቼ እንጫን?

ሮግላይክ ማለት ስትሞቱ ከዜሮ የምትጀምሩበት የጌም ዓይነት ነው። እንደገና ስትጀምሩ ካርታው፣ ጠላቶቹና የምታገኟቸው ዕቃዎች እንደ አዲስ ተበውዘው ይጠብቋችኋል። የሞታችሁበትን ውጊያ ከሴቭ መልሶ መሞከር የለም። መንገድ መሸምደድም አያዋጣም፤ የትናንቱ ካርታ ዛሬ የለም። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ይዛችሁት የምትሻገሩት ዋናው ነገር ያወቃችሁት ነው።

ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ከተሠራ ሮግ ከሚባል ጌም ነው። ማይክል ቶይ እና ግሌን ዊችማን ካሊፎርኒያ ውስጥ ተማሪ ሳሉ ጀመሩት፤ ኬን አርኖልድ ኋላ ላይ ተቀላቀለ። ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ጭራቆቹ በሙሉ የላቲን ፊደላት ነበሩ። ዛሬ ስሙን ከወረሱት ጌሞች ብዙዎቹ ከሮግ ጋር በመልክ አይገናኙም። ነባሮቹ ተጫዋቾች «ይሄማ ሮግላይት (ለዘብ ያለ ሮግላይክ) ነው» እያሉ ይከራከራሉ። ክርክሩን ለባለቤቶቹ እንተወው።

እኔ ነገሩን ለማስረዳት ስሌይ ዘ ስፓየርን እመርጣለሁ። ኬሲ ያኖ እና አንተኒ ጂዮቫኔቲ የመሠረቱት ሜጋ ክሪት የሠራው ጌም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ገና ሳያልቅ ለሽያጭ ቀረበ፣ በጃንዋሪ 2019 ተጠናቆ ወጣ። ውጊያው በካርድ ነው። በየተራው አምስት ካርድና ሦስት ኢነርጂ ይደርሳችኋል፤ ኢነርጂው የፈቀደውን ያህል ትጥላላችሁ። ሦስት ምዕራፍ አለው፤ በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ ቦስ፣ ማለትም ዋና ጠላት፣ ይጠብቃል። ደግሞ ለኮምፒውተር የማይከብድ ጌም ነው፤ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ይበቃዋል፣ ለመጫወት ኢንተርኔት አይፈልግም። መብራትና ኔትወርክ ለሚያስቸግረው ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጀማሪ ደጋግሞ ሲሞት «ይሄ ጌም ዕድል ነው» ይላል። ዕድልማ አለ። ግን ጠላት በዚህ ተራ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ከራሱ በላይ ተጽፏል፤ ሊመታችሁ ከሆነ ስንት እንደሚመታ በቁጥር ያሳያል። የምዕራፉ መንገድ ከነመጋጠሚያው ገና ከጅምሩ ተዘርግቷል። ቦሱ ማን እንደሆነም ካርታው አናት ላይ ይታያል። አስቸጋሪው ፊት ለፊት ያለውን አንብቦ መጠቀም ነው። ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩትን ፋይል) ስትመርጡም መነሻው ይኸው ይሁን፦ ለማንበብ የሚያግዛችሁን ያዙ፣ በእናንተ ፋንታ የሚወስነውን ለጊዜው ተዉት።

መጀመሪያ ካርዱን እንየው። አይረንክላድ የተባለው ገጸ ባሕርይ 80 ሕይወትና አሥር ካርድ ይዞ ይጀምራል፦ አምስት ስትራይክ (መምቻ)፣ አራት ዲፌንድ (መከላከያ) እና አንድ ባሽ (ከበድ ያለ መምቻ)። ከየውጊያው በኋላ ሦስት ካርድ ቀርቦ አንዱን ምረጡ ይባላል። ጀማሪ ሁልጊዜ ይመርጣል። ነፃ ነዋ!

ነፃ አይደለም። ባሽ ሁለት ኢነርጂ ይበላል፣ 8 ይመታል፣ ጠላቱንም ለሁለት ተራ ያዳክመዋል። የተዳከመ ጠላት ላይ የሚያርፍ ምት በግማሽ ይጨምራል፤ ስለዚህ 6 የሚመታው ስትራይክ 9 ይሆናል። በመጀመሪያው ተራ ሦስት ስትራይክ ብትጥሉ 18 ነው፤ ባሽና አንድ ስትራይክ ብትጥሉ 17። እኩል ይመስላል። በሁለተኛው ተራ ግን ሦስት ስትራይክ ከደረሳችሁ 18 ሳይሆን 27 ትመታላችሁ። አሁን አስቡት፦ አሥር ካርድ ሲኖራችሁ ባሽ በየሁለት ተራው አንዴ እጃችሁ ይገባል። አሥር መናኛ ካርድ ብትጨምሩ በየአራት ተራው አንዴ ይሆናል። ወጥ ላይ ውሃ እንደማብዛት ነው፤ ድስቱ ይሞላል፣ ወጡ ይቀጥናል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች «ስኪፕ» (እለፈው) የሚለውን ቁልፍ ሳይሳቀቁ የሚጫኑት። ሱቅ ውስጥ ደግሞ 75 ወርቅ ከፍለው ካርድ ያስጥላሉ፤ ዋጋው በየጊዜው 25 እየጨመረባቸውም ይከፍላሉ።

ታዲያ ምንም አትውሰዱ ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ አጥብቆ የሚጠይቀው ጠንካራ ምት ነው። እዚያ ግሬምሊን ኖብ የሚባል ከባድ ጠላት አለ። በመጀመሪያ ተራው ያገሳል። ከዚያ በኋላ ስኪል የተባለ ዓይነት ካርድ በጣላችሁ ቁጥር ጉልበቱ በ2 ይጨምራል። ዲፌንድ ስኪል ነው። እንግዲህ ራሴን ልከላከል ያለ ሰው ጠላቱን እያሳደገ ነው። የስትራይክ ስብስብ ብቻ ይዛችሁ ከደረሳችሁ 80 ያለፈ ሕይወቱን ቶሎ አትጨርሱትም። በመጀመሪያዎቹ ውጊያዎች ሁለት ሦስት ጥሩ የማጥቂያ ካርድ የወሰደ ሰው ግን ብዙ ሳይጎዳ ያልፈዋል፣ ሪሊክም ይሸለማል። ሪሊክ እስከ ዙሩ መጨረሻ አብሯችሁ የሚቆይ ዕቃ ነው። ከባድ ጠላትን ሁልጊዜ መሸሽ ያን ሁሉ ማጣት ነው፤ በኋላ ቦሱ ጋ ባዶ እጅ ያደርሳል።

ሌላው የጀማሪ በሽታ ሕይወትን እንደ ቁጠባ ማየት ነው። ካርታው ላይ ካለ የማረፊያ እሳት ጋ ስትደርሱ ወይ አርፋችሁ የሙሉ ሕይወታችሁን 30 በመቶ ትመልሳላችሁ፣ ወይ አንድ ካርድ ታሻሽላላችሁ። አይረንክላድ ሲያርፍ 24 ያገኛል። ባሽን ቢያሻሽል ምቱ ከ8 ወደ 10፣ ማዳከሙም ከሁለት ተራ ወደ ሦስት ያድጋል፤ ያ ደግሞ ለሚቀጥሉት ውጊያዎች ሁሉ ነው። በመነሻው የክብደት ደረጃ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ምዕራፍ ቦስ ስታሸንፉ ሕይወታችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። 60 ተርፏችሁ ገባችሁ፣ 15 ተርፏችሁ ገባችሁ፣ ምዕራፉን የምትጀምሩት እኩል ነው። የሚቀጥለው ውጊያ የሚገድላችሁ ከሆነ እረፉ፤ ካልሆነ አሻሽሉ። መድኃኒቱንም ተጠቀሙበት። ሦስት ጠርሙስ እንደታቀፉ መሞት የተለመደ ነው፣ ግን ያናድዳል።

ወደ ሞድ እንምጣ። ሞድ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው የሚያካፍሉት፣ ጌሙን የሚቀይር ወይም የሚጨምርበት ፋይል ነው። እዚህ ጌም ላይ ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ውስጥ ባለው የሞድ ማካፈያ፣ በስቲም ወርክሾፕ፣ በኩል በነፃ ይገኛል። ሦስቱ መሠረት ናቸው፦ ሞድ ዘ ስፓየር ሌሎቹን የሚያስነሳው ነው፣ ቤዝ ሞድና ኤስቲኤስ ሊብ ደግሞ ብዙዎቹ ሞዶች የሚደገፉባቸው። እነሱ ሳይኖሩ ሌላውን አውርዶ «አልሠራም» ማለት አይቻልም። ስልክ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ወርክሾፑ የለም፤ ይሄ የኮምፒውተር ነገር ነው። ሞድ በርቶ ደግሞ አቺቭመንት (ጌሙ ለክንውኖቻችሁ የሚመዘግበው ሽልማት) አይቆጠርም።

በእኔ እምነት ቢያንስ አንዴ ሦስተኛውን ምዕራፍ እስክታልፉ ያለ ሞድ ተጫወቱ። ያኔ የሚያናድዳችሁ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የምትፈልጉትን ሞድ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ዝግታው ከሆነ ሱፐር ፋስት ሞድ እንቅስቃሴውን ያፈጥነዋል፣ ውሳኔያችሁን ግን አይነካም። ሪሊክ ስታትስ የበለጠ ይጠቅማል። እያንዳንዱ ሪሊክ በዚያ ዙር ምን እንደሠራላችሁ ይቆጥራል። አይረንክላድ የሚጀምርበት ሪሊክ ከየውጊያው በኋላ 6 ሕይወት ይመልሳል፤ ትንሽ ይመስላል። ድምሩን በቁጥር ስታዩት ግን እሳት ጋ ለማረፍ መቸኮላችሁ ይቀንሳል።

ዳውንፎል የሚባለው ትልቁ ነው። ጠላቶቹን ሆናችሁ ጀግኖቹን ትገጥማላችሁ። ግሩም ሥራ ነው፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ቀልዱም ውበቱም የሚገባው ዋናውን ጌም ለሚያውቅ ሰው ነው፤ አዲሱ ካርድም መዓት ነው። ከጓደኛ ጋር መጫወት ለሚፈልግ ቱጌዘር ኢን ስፓየር አለ።

ሎድአውት ሞድ የፈለጋችሁትን ካርድና ሪሊክ ይሰጣችኋል። እሱን ከፍቶ ማሸነፍ ያው ማጭበርበር ነው፤ ማንም አይከሳችሁም፣ ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይሰለቻል። ለሙከራ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ኖብ ደጋግሞ ከገደላችሁ የትኛው ካርድ እንደሚያዋጣ እዚያ ትሞክራላችሁ፣ ከዚያ ሞዱን አጥፍታችሁ ትመለሳላችሁ።

አንዱ ላይ አንዱን አትከምሩ። አንድ ጫኑ፣ ጌሙን ክፈቱ፣ ጥቂት ተጫወቱ፣ ከዚያ ሌላውን። ሃያ ሞድ ባንዴ ጭናችሁ ጌሙ አልከፍት ካለ ጥፋተኛውን ለማግኘት ግማሹን አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ ከተከፈተ ችግሩ ካጠፋችሁት ውስጥ ነው፣ ካልተከፈተ ከቀረው።