ቤት ውስጥ የተቀዳ ዘፈን ሚክስና የአድማጭ አስተያየት በወሎ

ወሎ የቅኝት አገር ነው። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የያዙት ከዚሁ አካባቢ ነው፤ ሌሎቹ ቅኝቶች ትዝታና አንቺ ሆዬም ሲነሱ ወሎ አብሮ ይነሳል። በደርግ ዘመን ላሊበላ የሚባለው የወሎ ኪነት ቡድን ይህን ዜማ ለመላው አገር አሰምቷል። ዛሬ ደግሞ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ያለ ወጣት ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድና አንድ ማይክ ካለው መኝታ ክፍሉ ውስጥ ዘፈን ይቀዳል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እስኪያባራ ይጠብቃል፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይጋርዳል፣ ይዘፍናል።

ከቀረጻ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሚክስ ነው። ለየብቻ የተቀዱት ድምፆች መጠናቸው ይመጠናል፣ ግራና ቀኝ ይደለደላሉ፣ እርስ በርስ እንዳይሸፋፈኑ ይስተካከላሉ። ይህን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው ክፍሉ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቤዝ አንድ ቦታ ይከማቻል፣ ሌላ ቦታ ይጠፋል። ስለዚህ እዚያ ልክ የመሰለው ሚክስ ሌላ ቤት ሲከፈት ይሳሳል ወይም ይጎረብጣል። ሁለተኛው የራሱ ጆሮ ነው። ግጥሙን በቃሉ ስለሚያውቀው፣ በሙዚቃው የተዋጠውን ቃል እንኳ ጥርት ብሎ የሚሰማ ይመስለዋል። የሌላ ሰው ጆሮ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የአገሩ ጠባይ ይመጣል። የወሎ ሰው ፊት ለፊት ማስከፋት አይወድም። ዘፈን አሰምተህ «እንዴት ነው?» ብትለው «ማሻአላህ! በጣም ያምራል፣ ያሳድግህ» ይልሃል። ይሄ ምርቃት ነው፣ አስተያየት አይደለም። ጥፋቱ ግን የጠያቂው ይመስለኛል። «ወደዳችሁት ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ማን «አልወደድኩም» ይላል? የሚያዋጣው የሰሙትን መጠየቅ ነው።

ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጦ ዘፈኑን መክፈት ጥሩ ነው። ካለቀ በኋላ ጥያቄው «እትዬ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ምን ሲል ሰሙት?» ይሁን። ስንኙን ከደገሙት ድምፁ ወጥቷል። «ኧረ ልጄ፣ እኔ የሰማሁት ማሲንቆውን ነው፤ አንተ ወዴት ነህ?» ካሉ ደግሞ ስለ ሙዚቃ ቴክኒክ አንድም ቃል ሳይናገሩ ዋናውን ነገር ነግረዋል።

ይህ መልስ በተደጋጋሚ የሚመጣበት ምክንያት አለው። ማሲንቆ ዘፋኙን እየተከተለ የሚሄድ መሣሪያ ነው። ዜማው የዘፋኙ ነው፣ ከፍታውም ብዙ ጊዜ ከዘፋኙ አይርቅም። የንግግር ጥራት በአብዛኛው የሚመጣው ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ባለው ክልል ሲሆን፣ የደጋኑ ፍትጊያም እዚያው ይገባል። መፍትሔው ማሲንቆውን ማጥፋት አይደለም። ዘፋኙ አፉን በከፈተባቸው ቦታዎች ብቻ በዚያ ክልል 2 ወይም 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ዝቅ ማድረግ፣ ትንሽም ወደ ጎን መግፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። አዝማሪ ሲጫወት ልብ ብሎ ላየው ደግሞ ከነአካቴው ሌላ መንገድ አለ። አዝማሪው ቃሉን ሲናገር ማሲንቆውን ያለዝባል፣ ስንኙ ሲያልቅ ይለቀዋል። ሚክስ ላይ ያንኑ መድገም ነው።

ክራር ሲሆን የጣቱ ምት ስለሚወጋ ሌላ ዓይነት ሥራ ይጠይቃል። ከበሮ ከቤዝ ጊታርና ከኪክ (በእግር ከሚመታው የድራም ከበሮ) ጋር በወፍራሙ ድምፅ ይጋጫል። ለመንዙማ ቀረጻ ደግሞ የሚጠየቀው ስለ ጭብጨባው ነው፦ አውጪው ሲያወጣ ቃሉ ይሰማል ወይስ ጭብጨባው ከተቀባዮቹ ጋር አብሮ ይውጠዋል?

ሰምና ወርቅ ባለው ግጥም ጉዳዩ ይከብዳል። ወርቁ የሚገኘው ቃሉ ሲጠብቅና ሲላላ ከሆነ፣ የበዛ ሪቨርብና ኤኮ (ድምፁን የሚያስተጋቡ ማጣፈጫዎች) ልዩነቱን ያጠፋዋል። «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» የሚለየውም ያቺ አጭር ፍንዳታ ናት። ኮምፕረሰር፣ ማለትም የጮኸውን ዝቅ አድርጎ ድምፁን የሚያቀራርበው መሣሪያ፣ ሲበዛ እሷ ትደፈጠጣለች። አድማጭ «ግጥሙ አልገባኝም» ሲል ጥፋቱ የገጣሚው ላይሆን ይችላል።

ጆሮም ከጆሮ ይለያያል። ተራው አድማጭ ስለ ቃሉ ይናገራል። የክራር ወይም የማሲንቆ ተጫዋች ቅኝቱን ይሰማል። አምባሰል ውስጥ ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው በግማሽ ድምፅ ብቻ ይርቃል፤ አንቺ ሆዬም እንዲሁ ነው። የዘፋኙን ድምፅ ወደ ልኩ የሚጎትተው ድምፅ ማረሚያ (ኦቶቲዩን) በፈረንጁ ሜጀር ስኬል ከተሞላ ያንን ድምፅ ጎትቶ ያበላሸዋል። የአገሩ ተጫዋች ወዲያው «ቅኝቱ ሸሽቷል» ይላል። ቅኝቱን የማያውቅ ባለሙያ ግን ትክክለኛውን ድምፅ ስህተት ነው ብሎ ሊያርመው ይችላል። ስለዚህ ለሳውንድ ኢንጂነር ሲላክ ቅኝቱን መንገር፣ ከተቻለም በዚያው ቅኝት የተሠራና የሚወዱትን አንድ ዘፈን ለማነጻጸሪያ አብሮ መላክ ነገሩን ያቀለዋል።

ስታነጻጽር ሁለቱን ዘፈኖች እኩል ድምፅ ላይ አድርግ። በትንሹም ቢሆን የጮኸው ለሰው ጆሮ የተሻለ ይመስላል፤ የሰው ጆሮ ድምፅ ሲያንስ ቤዙን አሳንሶ እንደሚሰማ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምርምር ይታወቃል። «ዘፈኔ አይጮህም» ብሎ ማስተሩን (የመጨረሻውን ቅጂ) እንዲጮህ መጫንም ብዙም አያዋጣም። ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ከ−14 ላፍስ (የዘፈን ጩኸት መለኪያ) አካባቢ በላይ የሚጮኸውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል፣ የተረፈው የታፈነ ድምፅ ነው።

ዘፈኑ የት ይከፈታል የሚለውም አለ። በሙያው ዓለም በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣውን ያማሃ ኤንኤስ-10 ስፒከር ብዙ ስቱዲዮዎች የያዙት ስላማረ አይደለም፣ ጉድለትን ስለሚያጋልጥ ነው። ደሴ ላይ ይህን ሥራ ባጃጅ ይሠራል። ቤዙ እስከ ጥግ የተጨመረበት ባጃጅ ውስጥ ቃሉ የሚሰማ ዘፈን የትም ይሰማል። በሌላ በኩል የስልክ ስፒከር ቤዙን አያወጣውም፤ ቤዙ ስልክ ላይ ጨርሶ ከጠፋ ከቤዙ ውስጥ ቀጠን ያለው ላይኛው ድምፁ እንዲወጣ መሥራት ያስፈልጋል።

አላላኩም ያታልላል። በቴሌግራም እንደ ድምፅ መልእክት የተላከ ዘፈን ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። በፋይል መልክ መላክ ይሻላል። ባለ 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) በደቂቃ 17 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ የ5 ደቂቃ ዘፈን ከ80 ያልፋል። ለተራ አድማጭ ያ ሁሉ የካርድ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ባለ 320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ በ12 ሜጋባይት ይበቃል። ዌቩ ለኢንጂነሩ ይሁን።

አስተያየት ከተሰበሰበ በኋላ ማበጠር ይመጣል። አድማጭ የሚያመውን ቦታ ያውቃል እንጂ መድኃኒቱን አያውቅም። «ቤዝ ጨምርበት» ሲል ምናልባት ጎድሎ ሳይሆን ከከበሮው ጋር ተጋጭቶ ይሆናል። ስለዚህ «የትኛው ደቂቃ ላይ?» ብሎ መጠየቅና «1፡20 ላይ ድምፁ ተዋጠ» ብሎ መጻፍ ይጠቅማል። ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ ያ ቦታ ይነካል። አንዱ «ዘመናዊ አድርገው»፣ ሌላው «ባህሉን አትንካ» ካለ ግን ያ የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ሚክስ አይፈታውም። የድሮውን ፋይል ሳያጠፉ አዲሱን በሌላ ቁጥር ማስቀመጥ ግድ ነው፤ አራተኛው ሚክስ ከሁለተኛው የሚብስበት ጊዜ ብዙ ነው።