«ታይም ብላይንድነስ» ምንድን ነው? አጀንዳችን ጥቅምት ላይ ለምን ይቆማል?

መስከረም ሲጠባ ደብረ ማርቆስ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች አዲስ አጀንዳ ይደረድራሉ። እኔም ለዓመታት በየመስከረሙ አንድ እየገዛሁ ኖሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጥቅጥቅ ብለው ይሞላሉ። ከመስቀል በኋላ ጽሑፉ እየሳሳ ይሄዳል። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ገጹ ነጭ ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ድረስ ምንም የለም።

ስንፍና ነው ሲባል ኖሬ እኔም አምኜው ነበር። ካደግሁ በኋላ ሐኪም ኤዲኤችዲ (ትኩረትንና ራስን መግታትን የሚያከብድ፣ ከልጅነት የሚጀምር የአእምሮ ሁኔታ) እንዳለብኝ ነገረኝ። ታይም ብላይንድነስ የሚለውን ቃል የሰማሁት ያኔ ነው።

በቀጥታ ሲመለስ «የጊዜ ዕውርነት» ማለት ነው። ዓይነ ሥውራንን የጉድለት ምሳሌ ማድረግ ደስ ስለማይለኝ እኔ «ጊዜ አለመታየት» እለዋለሁ። ሐሳቡን በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ራስል ባርክሌይ ነው። እሱ እንደሚለው ኤዲኤችዲ ትኩረት የማጣት ነገር ብቻ አይደለም። ከሥሩ ራስን የመግራት ችግር ነው፤ በተለይ የዛሬን ሥራ ገና ላልደረሰ ቀን ብሎ መሥራት ይከብዳል።

ሰዓት ማንበብ አለመቻል ማለት አይደለም። ሰዓቱን አነባለሁ። የሚጎድለኝ ስሜቱ ነው። 20 ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ሰውነቴ አይነግረኝም። ለእንዲህ ያለ አእምሮ ጊዜ ሁለት ብቻ ነው፦ «አሁን» እና «አሁን ያልሆነ»። የነገው ቀጠሮም የሰኔው ቀጠሮም «አሁን ያልሆነ» ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከዚያ አንዱ በድንገት «አሁን» ይሆንና ሰው በሩጫ ይያዛል።

ሌላም ነገር አብሮ ይመጣል። አንድን ሐሳብ ለአፍታ በአእምሮ ይዞ የማቆየት አቅማችን አነስተኛ ነው። እፍኝ ጤፍ ይዞ በር እንደመክፈት ነው። እጅ ሲዘረጋ ጤፉ ይፈስሳል። ከወንበር ስነሳ ስልክ ለመደወል ነበር፤ መንገድ ላይ አንድ ሰው ካናገረኝ መደወሉ ከአእምሮዬ ጠፍቷል ማለት ነው።

እንግዲህ አጀንዳ ለምን እንደሚሞት እዚህ ጋ ይገባናል። አጀንዳ ከባለቤቱ የሚጠይቀው መጻፍ ብቻ አይደለም። ከፍቶ ማየትንም ማስታወስ ይፈልጋል። እኛ የሚጎድለን ደግሞ ይኸው ነው። ተከድኖ ቦርሳ ውስጥ የገባ አጀንዳ ለእኔ የለም። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚባለው ለእኔ አእምሮ ተረት ሳይሆን የዕለት ኑሮ ነው። በዚያ ላይ ሦስት ቀን ከተዘለለ ኀፍረት ይጨመራል። መክፈት ማለት ያልተሠራውን ሁሉ ማየት ስለሆነ እጅ ይከብደዋል። አዲስ ሲገዛ ደስ የሚለውም ለዚህ ነው፤ አዲስ አጀንዳ ላይ ዕዳ የለም።

ስልክስ? ስልክ ይጮኻል፣ ስለዚህ ይሻላል። ግን እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ሸክም አለ፣ ስለሱ ሲወራም አልሰማሁም። የብዙዎቻችን ስልክ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። «ጥቅምት 12፣ 3 ሰዓት» የተባለን ቀጠሮ ለመመዝገብ ቀኑን ወደ ኦክቶበር 22፣ ሰዓቱን ወደ 9 መመለስ ያስፈልጋል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ኦክቶበር 23 ይሆናል። ያቺን እፍኝ ጤፍ ይዞ ይህን ሁሉ ስሌት መሥራት ነው። አንድ ጊዜ ለጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ 3 ብዬ ሞልቼ ስልኩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጮኸ። አጥፍቼው ተኛሁ፤ ቀጠሮው አለፈ። ስልካችሁ ላይ የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ መጫን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከማንኛውም ውድ ደብተር በላይ ጠቅሞኛል።

ብዙ የተማርኩት ግን ከእናቴ ነው። እናቴ አጀንዳ ይዛ አታውቅም። የሚካኤል ማኅበር ተራዋ ሲደርስ ጠላው አንድም ቀን ዘግይቶባት አያውቅም። አንድ ጊዜ ማድ ቤት ተቀምጬ እንዴት እንደምታስበው ጠየቅኋት። ጌሾውን እየወቀጠች መለሰችልኝ፦

«ሚካኤል ቅዳሜ አይደል፣ ልጄ? ቅዳሜ እንዲጠጣ ረቡዕ ውሃውን መሙላት ነው። ለረቡዕ እንዲደርስ ድፍድፉ ሰኞ መግባት አለበት። ጥንስሱማ ይኸው፣ ዛሬ ነው።»

ከቀኑ ወደ ኋላ ነው የምትቆጥረው። «ቅዳሜ» ለሷ ሩቅ አይደለም፤ እጇ ላይ ያለው ጌሾ ራሱ ቅዳሜ ነው። ጊዜው ይታያል፣ ይሸታል፣ ጋን ውስጥ ይፈላል። 12 ስትል ሚካኤል ነው፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፤ ቁጥሩ ፊት አለው። ለእኔ ዓይነት ሰው ጊዜን ከራስ አውጥቶ የሚታይ ቦታ ማስቀመጥ ማለት ይህ ነው።

እኔም ወደዚያ ዞርኩ። ሥራ ስጽፍ «በዚህ ቀን ይለቅ» ብዬ አልተውም፤ ወደ ኋላ ቆጥሬ ዛሬ እጄ የሚይዘውን ቁራሽ ብቻ እጽፋለሁ። በቀን ከሦስት አላስበልጥም። አጀንዳዬ አይከደንም፤ ጠዋት ቡና ከምንጠጣበት ረከቦት አጠገብ ተከፍቶ ያድራል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር አንድን ሥራ ከአንድ የታወቀ አጋጣሚ ጋር የማሰርን መንገድ ለዓመታት አጥንቷል። «አጀንዳ አያለሁ» ከማለት «የመጀመሪያው ስኒ ሲቀዳ አጀንዳ አያለሁ» ማለት የበለጠ ይይዛል። ስኒው ያስታውሰኛል፣ እኔ ማስታወስ የለብኝም።

የሚከብዱ ሥራዎች አሉ፣ ለምሳሌ ፎርም መሙላት። ለነሱ ሰው እጠራለሁ። የጎረቤቴ ልጅ የራሷን የቤት ሥራ ይዛ ትመጣለች፣ እኔ የኔን እሠራለሁ፣ ብዙም አናወራም። ፈረንጆቹ ለዚህ ቦዲ ደብሊንግ የሚል ስም አውጥተውለታል። ጎጃም ገበሬ ግን ብቻውን የማይገፋውን አጨዳ በደቦና በወንፈል ሲወጣው ኖሯል። ሰው አጠገብ ካለ እጅ ይፈታል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ቀጠሮ የረሳ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት ማለት አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ የእንቅርት ሕመምም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ታይም ብላይንድነስም ራሱን የቻለ የበሽታ ስም አይደለም። ለኤዲኤችዲ ምርመራ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸው ይታያል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ልጅነት ሲጠይቃችሁ አይግረማችሁ። ከተቻለ እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በዓለም ላይ ከ100 አዋቂዎች 2 ወይም 3 የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገመታል፤ ብቻችሁን አይደላችሁም። መድኃኒትም ለብዙዎች ይረዳል፣ እሱን ከሐኪም ጋር መነጋገር ነው።

ስትዘልሉ ደግሞ የተዘለለውን ለመሙላት አትመለሱ። ዛሬ ያለበትን ገጽ ግለጡ። የዘንድሮ አጀንዳዬ ከኅዳር 3 እስከ ኅዳር 24 ባዶ ነው። ኅዳር 25 ላይ አንድ መስመር አለ፦ «ለእማዬ ጌሾ መግዛት»። ከጎኑ ምልክት ተደርጎበታል።