«ቁልፉ ሲያንስ ለመያዝ ይመቻል» እና ስለ ገመድ አልባ ሜካኒካል ኪቦርድ የሚነገሩ ሌሎች ስሕተቶች

ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና በመሆኑ፣ ዋጋው የማይከብድና በቦርሳ የሚያዝ ገመድ አልባ ሜካኒካል ኪቦርድ (ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር «ስዊች» የሚባል የራሱ መጫኛ ያለው ኪቦርድ) ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ምክር ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ግን ውሳኔያቸውን ጨርሰው ስለሚመጡ ከእኔ የሚፈልጉት ማጽደቅ ብቻ ነው። ከሁሉ የሰለቸኝ «ቁልፎቹ ባነሱ ቁጥር ለመያዝ ይመቻል» የሚለው እምነት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በመደበኛ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለው ርቀት 19.05 ሚሊ ሜትር ነው። ስልሳ በመቶ የሚባለው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ወርዱ የ15 ቁልፍ ስለሆነ፣ ጠርዙ ሳይቆጠር 286 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሰባ አምስት በመቶ የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ 84 ቁልፎች ያሉት ደግሞ በ16 ቁልፍ ወርድ 305 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፊት ወደ ኋላ ያለው ልዩነትም የአንድ ረድፍ ነው። ሰዎች የቀስት ቁልፎችንና የላይኛውን የኤፍ ረድፍ (ከF1 እስከ F12 ያሉትን ቁልፎች) የሚሠዉት እንግዲህ በየአቅጣጫው ሁለት ሴንቲ ሜትር ለማትሞላ ትርፍ ሲሉ ነው፤ ላፕቶፕ የሚያስገባ ቦርሳ ይህችን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥራትም።

ትከሻ የሚያውቀው ክብደትን ነው፤ ክብደቱ ደግሞ በቀፎው፣ ስዊቾቹ በተሰኩበት ሳህንና በባትሪው ይወሰናል። ቤቴ ያለው ባለ 61 ቁልፍ የአሉሚኒየም ኪቦርድ ከአንድ ኪሎ በላይ ሲመዝን፣ ለጉዞ የምይዘው ባለ 84 ቁልፍ፣ አጭር ስዊች ያለው የፕላስቲክ ኪቦርድ የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ ውፍረቱም በግልጽ ያንሳል። ቀኑን ሙሉ የሒሳብ ሠንጠረዥ የሚሞላ አንድ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ነግሬው ባለ 61 ቁልፉን ገዛ። አንዲት ቀስት ለመጫን በየጊዜው ሌላ ቁልፍ አብሮ መያዝ ስላስመረረው፣ በወሩ የቁጥር ሰሌዳ ለብቻው ጨምሮ ሁለቱንም ተሸክሞ ይመላለስ ጀመር። የላይኛው ረድፍ የማያስፈልገው ሰው 68 ቁልፍ ገደማ ያለውን ስልሳ አምስት በመቶ ይውሰድ፤ ቀስቶቹ እዚያ አሉ።

«ሜካኒካል ሁሉ ይጮኻል» ይባላል፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው በተለምዶ ሰማያዊው ስዊች ሲሆን፣ ቀዩና ቡናማው ይህ ድምፅ የላቸውም።

«ብሉቱዝ ይዘገያል» የሚለው ለፈጣን ጨዋታ እውነትነት አለው፤ ለዚያ በዩኤስቢ መቀበያ የሚሠራው የ2.4 ጊጋኸርዝ ግንኙነት ይመረጣል። ለጽሑፍ ግን የጥቂት ሚሊ ሰከንድ መዘግየትን ጣት አይለየውም። ይልቅ ማንም የማያነሣው ችግር አለ፦ ብሉቱዝ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ሳይከፈት በሚገኘው የማስተካከያ ገጽ (ባዮስ) ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ በገመድም የሚሠራ ኪቦርድ ይግዙ፤ ገመዱንም አይጣሉት።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የባትሪ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ መብራቱ ጠፍቶ የተለካ ነው። ከየቁልፉ ሥር የሚበራው መብራት ከቀሪው ክፍል ሁሉ በላይ ኃይል ስለሚበላ፣ ለሳምንታት ይቆያል የተባለው በጥቂት ቀናት ሊያልቅ ይችላል፤ «ባትሪው ተበላሸ» ተብለው ከመጡልኝ ኪቦርዶች አብዛኞቹን ያዳንኩት መብራታቸውን በማጥፋት ነው።

«ስዊቹ የሚነቀል ከሆነ ማንኛውም ስዊች ይገባል» ማለትም ስሕተት ነው። ባለ አምስት እግር ስዊች ለሦስት እግር በተሠራ ሰሌዳ ላይ ሁለቱ የፕላስቲክ እግሮቹ ካልተቆረጡ አይገባም፤ አጭሩ ስዊችም በመደበኛው ቦታ አይተካም።

በመጨረሻ፣ «ርካሽ ሜካኒካል አይረባም» ለሚሉት፦ የቼሪ ኩባንያ የኤምኤክስ ስዊች የፈጠራ መብት ጊዜው ካለፈ ወዲህ እንደ ጌትሮንና ካይል ያሉ አምራቾች በዚያው ንድፍ ጥሩ ስዊች በዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባሉ። መጠንቀቅ የሚገባው «ሜካኒካል ስሜት ያለው» ተብሎ ከሚሸጠው ነው። አንድ የቁልፍ ክዳን አንሥተው ይመልከቱ፤ ከሥሩ ለብቻው የተሰካ ስዊች ከሌለ የያዙት ከቁልፎቹ ሥር ጎማ ያለው ተራ ኪቦርድ ነው።