የዘመድ ትራጄዲ ምንድን ነው?

ጠላት ጠላቱን ሲገድል ተመልካች ያን ያህል አያዝንም፤ ወንድም በወንድሙ፣ ልጅ በአባቱ፣ እናት በልጇ ላይ ሲነሡ ግን አንጀቱ ይላወሳል። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ባለተውኔት መፈለግ ያለበት እንዲህ ያለውን ታሪክ ነው ይላል። የዘመድ ትራጄዲ ማለትም ይኸው ነው፤ መከራው ከባዕድ ሳይሆን ከሚዋደዱ ሰዎች መካከል የሚነሣበት ተውኔት።

የግሪኩ ባለተውኔት ሶፎክልስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ የጻፋት «አንቲጎኔ» ከማውቃቸው ሁሉ የበለጠች ምሳሌ ናት። ሁለት ወንድማማቾች በግሪክ ከተማ በቴቤ ዙፋን ተጣልተው ይገዳደላሉ። ሥልጣኑን የያዘው አጎታቸው ክሬዮን አንዱን በክብር ያስቀብራል፤ በአገሩ ላይ ጦር ያመጣውን ፖሊኒኬስን ግን ማንም እንዳይቀብረው፣ እንዳያለቅስለትም ያውጃል። እኅቱ አንቲጎኔ አዋጁን ጥሳ አፈር ታለብሰዋለች። ክሬዮንም በዋሻ አሳስሮ ሞት ይፈርድባታል።

ለጎንደር ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም። ሟች በሕይወቱ ያስቀየመንም ቢሆን ይገነዛል፣ ይፈታል፣ ይቀበራል። ስለዚህ ወዲያው ከአንቲጎኔ ጋር እንወግናለን፤ ቶሎ ከወገንን ግን የተውኔቱ ግማሽ ያመልጠናል። ክሬዮን የእናቷ ወንድም ነው፤ ልጁ ሃይሞን ደግሞ እጮኛዋ። ክሬዮን የገዛ ዘመዴን ካለፍኩ ሌላው እንዴት ይታዘዘኛል ብሎ ይፈራል። ያ ፍርሃት ለማንም ዳኛ እንግዳ አይደለም።

የፍቅሩ ነገር ይበልጥ ይገርማል። ሃይሞንና አንቲጎኔ በተውኔቱ ሁሉ አንድም ጊዜ መድረክ ላይ አብረው አይታዩም። ልጁ አባቱን ሲለምን እንኳ «እወዳታለሁ» አይልም፤ ከተማው በስውር እንደሚያዝንላት ይነግረዋል። እሷም በበኩሏ ወደ ሞት ስትሄድ ባል ቢሞት ሌላ ባል ይገኛል፣ አባትና እናት ካለፉ በኋላ ግን ሌላ ወንድም አይወለድም ትላለች። ይህን ቃል ሌላ ሰው ጨምሮታል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እኔ ግን የእሷው ነው እላለሁ፤ ሐዘን ያቃጠለው ሰው እንዲህ ያለውን ይናገራል።

ክሬዮን በመጨረሻ ይጸጸታል፤ ግን አስቀድሞ ሬሳውን ቀብሮ ነው አንቲጎኔ ወደ ታሰረችበት ዋሻ የሚሄደው። ሲደርስ ራሷን ሰቅላለች። ሃይሞን በሰይፉ ይሞታል፤ እናቱም መርዶውን ሰምታ ራሷን ታጠፋለች።

ጎንደርም የራሷ አላት። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የሚወዳት ዕቁባቱ ቅድስተ ክርስቶስ ስትሞትበት ከሐዘኑ ብዛት ወደ ጣና ደሴት ገለል አለ። አባቱ በሕይወት ሳለ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ነገሠ፤ በ1706 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ኢያሱ በልጁ ትእዛዝ ተገደለ። ልጁም በ1708 ተገደለ። ቀጥሎ የነገሠው የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ የተክለ ሃይማኖትን እናት መለኮታዊትን በስቅላት አስገደላት።

ይህን ለመድረክ የሚጽፍ ሰው መለኮታዊትን ገና ከመጋረጃው መከፈት ክፉ ሴት ካደረጋት ትራጄዲው ያኔውኑ ይጠፋል። ባሏ ለሌላ ሴት ሲያለቅስ የሰማች ሚስት፣ የልጇም ዕጣ የሚያስጨንቃት እናት አድርጎ ይጀምር።