ሱፍ የለበሰ የአጋዘን ቀንድ ለምን ይበሰብሳል?

የባሕር ዳር ሰው ቀንድ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የበሬው ነው፤ ዋንጫ የሚሠራበት፣ ደረቁ። የአውሮፓና የአሜሪካ አጋዘን ግን ሌላ ነው። ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። ቀንዱ አጥንት ነው። እስኪጠነክር ድረስ ደም ሥር የሞላበት፣ እንደ ሱፍ የለሰለሰ ጸጉር ያለው ቆዳ ይሸፍነዋል። ኋላ ቆዳው ሲደርቅ አጋዘኑ ዛፍ ላይ እያሸ ይልጠዋል።

በጣም የሚገርመው፣ የዘር ፍሬው የተጎዳ አጋዘን ይህን ቆዳ ላይጥለው ይችላል። የወንዴ ሆርሞኑ ስለሚያንስ ቀንዱ እየተጎረባበጠ ያድጋል።

ቆዳው ያልተላጠ ቀንድ አድርቆ ለማቆየት መፍጠን ያስፈልጋል። ደሙ ውስጡ ከቀረ ይሸታል፣ ጸጉሩም ይረግፋል። ባለሙያው ጫፍ ጫፉን ይበሳል፤ ከዚያ ከሥሩ በደም ሥሮቹ በኩል መድኃኒት በመርፌ ይገፋል። ደሙ በጫፉ ይወጣል። መድኃኒቱ ፎርማሊን፣ ማለትም ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው መርዛማ ፈሳሽ፣ ከሆነ ጓንት ግድ ነው።