«ዲፕሪኬትድ» ምንድን ነው? አፕዴት ስናደርግ የለመድነው ፊቸር ለምን ይጠፋል

ኮምፒውተሩ አፕዴት አድርጎ ሲነሳ የለመድነው አንድ ነገር የለም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተን እንፈልጋለን፣ እዚያም የለም። የሚያውቅ ሰው ስንጠይቅ መልሱ አጭር ነው፦ «እሱ እኮ ዲፕሪኬትድ ሆኗል።» ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል። ያናድዳልም።

አንድ ፊቸር፣ ማለትም ሲስተሙ (ለምሳሌ ዊንዶውስ) ወይም ፕሮግራሙ የሚሰጠው አንድ አገልግሎት፣ ዲፕሪኬትድ ሆነ ሲባል ሠሪዎቹ እሱን ማሳደግ አቁመዋል ማለት ነው። ፊቸሩ ገና አለ፤ ይሠራልም። አዲስ ነገር ግን አይጨመርበትም፤ ከሚቀጥሉት አፕዴቶች በአንዱ ሊነሳም ይችላል። ሲነሳ ከነጭራሹ ከሲስተሙ ይወጣል። ዎርድፓድ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ቀላል የጽሑፍ ፕሮግራም ነበር። በ2023 ዲፕሪኬትድ መሆኑ ተነገረ፤ በ2024 በወጣው ትልቅ የዊንዶውስ 11 አፕዴት ተነሳ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲሰሙት ሥርዓት ያለው አካሄድ ነው። ማይክሮሶፍት ዲፕሪኬትድ የሆኑትንም የተነሱትንም ፊቸሮች ዘርዝሮ በይፋ ያወጣል። ግን ያንን ዝርዝር ማን ያነበዋል? የድርጅት የአይቲ ባለሙያዎች ያነቡት ይሆናል። ቤቱ ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራ ሰው የሚያየው አፕዴት መምጣቱን የሚናገረውን መልእክት ነው። ስለሚጨመረው ነገር ብዙ ይወራለታል። ስለሚቀነሰው ግን የሚነግረው የለም። ለእኔ የንዴቱ ዋና ምንጭ ይህ ነው።

ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው ብዙ ጊዜ «አንተ አዲስ ነገር አትወድም» ይባላል። ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም። ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት የሠራ ሰው አብዛኛውን ነገር የሚያደርገው ሳያስበው ነው። በጨለማ ማብሪያ ማጥፊያውን እንደሚያገኝ እጅ፣ እጁ መድረሻውን ያውቃል። ያቺ የለመዳት ቁልፍ ስትነሳ ለዓመታት ያጠራቀመው ቅልጥፍናም አብሮ ይሄዳል። ለእያንዳንዷ ትንሽ ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ይጀምራል፤ ሐሳቡም ከሥራው ላይ ይበተናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባወጡት ጥናት ሰው ካገኘው ነገር ይልቅ ያጣው የበለጠ እንደሚከብደው አስረድተዋል። አሥር አዲስ ፊቸር ተጨምሮልን አንድ የለመድነው ሲጠፋ፣ የምናወራው ስለጠፋው የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህንን ከዊንዶውስ 8 በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ኦክቶበር 2012 ሲወጣ፣ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ታስክባሩ (ከስክሪኑ ግርጌ ያለው አግዳሚ መስመር) ላይ የነበረው የስታርት ቁልፍ ጠፋ። ሜኑውም አብሮ ሄደ። በምትኩ ሙሉ ስክሪኑን የሚሸፍን፣ በጣት ለሚነካ ታብሌት የሚመች ገጽ መጣ። ማውዝና ኪቦርድ ይዞ የተቀመጠው ሰው ኮምፒውተሩ በየት በኩል እንደሚጠፋ እንኳን መፈለግ ነበረበት። ቅሬታው በረታ። በ2013 በ8.1 ቁልፉ ተመለሰ፤ ሲጫኑት ግን የሚከፈተው ያው ሙሉ ስክሪን የሚሸፍነው ገጽ ነበር። ሜኑው የተመለሰው በ2015፣ በዊንዶውስ 10 ነው። በዚህ መሀል ብዙ ሰው የድሮውን ሜኑ የሚመልስ ፕሮግራም ከሌላ ቦታ እያመጣ ይጭን ነበር። የገዛ ኮምፒውተሩን እንደ ቀድሞው ለማድረግ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ያነሳሉ? አንዳንዱ ምክንያት በደንብ ያሳምናል። ኤስኤምቢ1ን እንውሰድ። ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል የሚጋሩበት ያረጀ ዘዴ ነው። ሜይ 2017 ላይ ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በዚህ ዘዴ ላይ ባለ ክፍተት ገብቶ በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም ተጎድተዋል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት ጀምሮ፣ አዲስ በሚጫን ዊንዶውስ ላይ ኤስኤምቢ1 አብሮ መምጣቱ እየቀረ ሄደ። በእሱ ብቻ የሚሠሩ የቆዩ ስካነሮችና የፋይል ማስቀመጫዎች ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር አልግባባ አሉ። ባለቤቶቻቸው ቢናደዱ አይፈረድባቸውም። እንዲያም ሆኖ እዚህ ላይ ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ። ክፍተት ያለበትን በር ለሁሉም ሰው ከፍቶ መተው አይቻልም።

ሌላው ምክንያት ድካም ነው። የቆየ ኮድ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በእያንዳንዱ አፕዴት መፈተሽና መጠገን አለበት። አፕል በ2019 ማክኦኤስ ካታሊና የተባለውን የማክ ኮምፒውተር ሲስተም ሲያወጣ፣ 32 ቢት የሚባሉት በድሮ አሠራር የተሠሩ ፕሮግራሞች መሥራት አቆሙ። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ወይም አዲስ ካላወጣ፣ ገንዘብ የተከፈለበት ፕሮግራም በአንድ ሌሊት ዋጋ ቢስ ሆነ። አፕል አላስጠነቀቀም አይባልም። ከ2018 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ያሳይ ነበር። ግን መጀመሪያ ላይ የሚታየው መልእክት ፕሮግራሙ ለማክህ በደንብ አልተስተካከለም የሚል ዓይነት ነበር። ይህንን ያነበበ ሰው ፕሮግራሙ ትንሽ ይንቀረፈፍ ይሆናል ብሎ ያልፈዋል። «በሚቀጥለው ዓመት ይህ ፕሮግራም አይከፈትም» ተብሎ በግልጽ ቢነገረው ግን ይዘጋጅ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙም አይነገርም። አንዳንድ ፊቸር የሚጠፋው ማንም እናንሳው ስላለ አይደለም። ሲስተሙ ከባዶ እንደገና ሲጻፍ ሳይደረስበት ይቀራል። ኦክቶበር 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ታስክባሩ እንደገና የተሠራ ነበር። ሲወጣ ታስክባሩን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን መውሰድ አይቻልም ነበር። ፋይል ጎትቶ ታስክባር ላይ ወዳለ ፕሮግራም ማምጣትም አይቻልም ነበር። ፋይል መጎተቱ በ2022 ተመለሰ። የተከፈቱ መስኮቶችን ከነስማቸው ለየብቻ የማሳየት ምርጫ ደግሞ በ2023 ተመለሰ። እንዲህ ያለው ነገር ሳይጠናቀቅ ለሰው መሰጠት አልነበረበትም።

ከሁሉም በላይ የማልቀበለው «የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው» የሚለውን መከራከሪያ ነው። ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን እኔ የምጠቀምበትን ጥቂት ሰው ይጠቀምበታል፤ አንተ የምትጠቀምበትንም እንዲሁ። ሁላችንም ጥቂቶች ብቻ የሚፈልጉት አንድ ነገር አለን። ያ ነገር ለአንዱ ምቾት ነው፤ ዓይኑ ለደከመ ወይም እጁ እንደልብ ለማይታዘዝለት ሰው ግን ሥራ መሥራትና አለመሥራት ነው። ቁጥሩ የሚሰበሰበውም ኮምፒውተሩ ከሚልከው የአጠቃቀም መረጃ ነው፤ ይህ መረጃ እንዳይላክ ያጠፋ ሰው ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይቆጠርም።

የተሸጠ ነገር ተመልሶ ይወሰዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ያውቃል። ሶኒ የጌም መጫወቻውን ፕሌይስቴሽን 3ን ሲሸጥ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ሲስተም) መጫን የሚያስችል ፊቸር ነበረው። ኤፕሪል 2010 ላይ በአፕዴት አነሳው፤ ምክንያቱ የደህንነት ነው ተባለ። አፕዴቱን እምቢ ማለት ይቻል ነበር። እምቢ ያለ ሰው ግን በኦንላይን መጫወት አይችልም። ተጠቃሚዎች አሜሪካ ውስጥ ከሰሱ፤ ነገሩ በመጨረሻ በስምምነት ወደ ካሳ አመራ። ምርጫው እንዲህ ሲጠብ ምርጫ መሆኑ ይቀራል። ዛሬም የደህንነት ማስተካከያና የፊቸር መነሳት በአንድ ጥቅል ሲመጡ፣ ሰው ወይ ደህንነቱን ወይ ሥራውን ይምረጥ እየተባለ ነው።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ ሌላ በር አለ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ፣ ግኖም የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ (ስክሪኑ ላይ የምናየው የሥራ ገጽ) በ2011 በወጣው ግኖም 3 የድሮውን መልክ ሲለውጥ፣ ቅር ያላቸው ሰዎች የቀድሞውን ኮድ ወስደው ማቴ የሚባለውን ዴስክቶፕ ሠሩ። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም በ2019 የ32 ቢት ፓኬጆችን (የድሮ ፕሮግራሞች እንዲሠሩ የሚያስፈልጉ ክፍሎችን) እንደሚተው ሲያስታውቅ ተጠቃሚዎችና የጌም ሠሪዎች ጮሁ። በቀናት ውስጥ ውሳኔው ተለሳልሶ የሚፈለጉት ፓኬጆች እንዲቆዩ ተደረገ። ያ የሆነው ግን ነገሩ ቀድሞ ስለተነገረ ነው።

ትልቅ አፕግሬድ ከማድረግህ በፊት የማትተዋቸውን ፕሮግራሞች፣ ፕሪንተርና ስካነር ስም ጻፍ። ከዚያ እያንዳንዱ ከአዲሱ ቨርዥን ጋር መሥራቱን ከሠሪው ገጽ ላይ አረጋግጥ። ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሎችህን ቅጂ በሌላ ቦታ፣ ያዝ። ትልቁን አፕግሬድ ጥቂት ሳምንት ብታቆየው ችግር የለውም፤ የየወሩን የደህንነት አፕዴት ግን አታቆይ። አንድ የድሮ ፕሮግራም የግድ ካስፈለገህ የድሮውን ሲስተም ቨርቹዋል ማሽን (በፕሮግራም የተሠራ፣ በኮምፒውተርህ ውስጥ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ውስጥ ማቆየት ይቻላል። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ከተሻገርክ በኋላ ካልተስማማህ ሴቲንግ ውስጥ ወደ ነበርክበት የሚመልስ ምርጫ አለ። ጊዜው እንደ ነባሪ 10 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ የግድ የምትፈልጋቸውን ነገሮች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞክራቸው። ማክ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። ወደ ኋላ ለመመለስ ብዙውን ጊዜ ዲስኩን አጥፍቶ የቀድሞውን ሲስተም እንደገና መጫን ያስፈልጋል፤ ባክአፑ ደግሞ ከአፕግሬዱ በፊት የተያዘ መሆን አለበት።